ሶኬቱን አንድ ማድረግ ችግሩን አይፈታም፦ የምላሽ ጽሑፍ

ኮምፒውተርን ከስክሪን ጋር ስለሚያገናኙ ኬብሎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን አንብቤ መልስ ሳልሰጥ ማለፍ አልቻልኩም። የጸሐፊው ምሬት የብዙዎቻችን ነው። አዲስ ሞኒተር ይገዛል፣ ኬብሉ አይገባም። ኬብሉ ይገባል፣ ምስል የለም። ምስሉ ይመጣል፣ ካርቶኑ ላይ የተባለው ጥራት የለም። ጊዜም ገንዘብም ይበላል። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

መፍትሔው ላይ ስንደርስ እንለያያለን። ሐሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። የማገናኛው መብዛት ኩባንያዎች ኬብል ለመሸጥ ያመጡት ጣጣ ነው፤ የድሮው ቪጂኤ ይበቃን ነበር። ከአዲሶቹ መካከል ኤችዲኤምአይ ስላሸነፈ ዲስፕሌይፖርት ይቅር። የማይገጥም ነገር ካለ አዳፕተር አለ። ኬብል ሲገዛ ወርቅ የተቀባውን ውዱን መግዛት ያዋጣል። ለወደፊቱ ደግሞ ዩኤስቢ-ሲ ሁሉንም ስለሚተካ መንግሥታት በሕግ ያስገድዱት፤ ያኔ የገባ ሁሉ ይሠራል።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ተጠቃሚውን የሚያንገላታው የስታንዳርዱ መብዛት አይደለም። አንድ ስምና አንድ ቅርጽ ያለው ሶኬት፣ ውስጡ የተለያየ አቅም ይዞ መሸጡ ነው። ይህ ካልተስተካከለ ነገ አንድ ሶኬት ብቻ ቢቀርም እንግልቱ ይቀጥላል። ነጥቦቻቸውን በየተራ ልያቸው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ቪጂኤ ይበቃን ነበር፤ የቀረው የኬብል ነጋዴ ተንኮል ነው»

ቪጂኤ የመጣው በ1987 ከአይቢኤም ፒኤስ/2 ኮምፒውተሮች ጋር ነው። ያኔ የሚታወቅበት ሪዞሉሽን (የምስሉ ነጥቦች፣ ማለትም ፒክሰሎች፣ ብዛት በወርድና በቁመት) 640 በ480 ነበር። ለወፍራሞቹ የቱቦ ስክሪኖች የተሠራ አናሎግ ማገናኛ ነው። ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ቀለም በየራሳቸው ሽቦ፣ ከፍ ዝቅ በሚል ቮልቴጅ ይሄዳሉ። ቱቦው የሚፈልገውም ቮልቴጅ ስለነበር ነገሩ ልክ ነበር።

ጠፍጣፋው ኤልሲዲ ሲመጣ ግን ሁኔታው ተቀየረ። ኮምፒውተሩ ምስሉን በቁጥር ይሠራዋል። ቪጂኤ ቁጥሩን ወደ ቮልቴጅ ይለውጠዋል። ስክሪኑ ደግሞ ቮልቴጁን መልሶ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። በዚህ ምልልስ ምስሉ ይጎዳል። ፊደላት ጥላ ያበጃሉ፣ ጠርዛቸው ይደበዝዛል። ኬብሉ ሲረዝም ይብሳል።

ስሌቱንም እንየው። 4ኬ የምንለው ስክሪን 3840 በ2160 ፒክሰል ነው። ሲባዛ 8.3 ሚሊዮን ገደማ ፒክሰል ይሆናል። ይህ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል። እያንዳንዱ ፒክሰል 24 ቢት ቀለም ይይዛል። ሁሉም ሲባዛ በሰከንድ ወደ 12 ጊጋቢት (12 ቢሊዮን ቢት) ይጠጋል። ይህን ያህል ምስል ጥራቱን ጠብቆ በቪጂኤ ማሳለፍ አይታሰብም።

ስለ ተንኮሉ የተባለውም ከታሪኩ ጋር አይሄድም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁሉም ሰው አንድ ዲጂታል ማገናኛ ፍለጋ ላይ ነበር። የሞኒተርና የኮምፒውተር አምራቾች ማኅበር የሆነው ቬሳ በ1997 ፕለግ ኤንድ ዲስፕሌይ የሚባል ሶኬት አወጣ። ዩኤስቢንና ፋየርዋይር የሚባለውን ሌላ የመረጃ ማገናኛ ጭምር በአንድ ሶኬት ለማሳለፍ ስለሞከረ ተወሳሰበ፣ ውድም ሆነ። ቀጥሎ ዲኤፍፒ የሚባል ቀለል ያለ መጣ። እሱ ደግሞ ከ1280 በ1024 በላይ አልቻለም። አፕል በ2000 ኤዲሲን አመጣ። ምስሉን፣ ዩኤስቢውንና የስክሪኑን ኤሌክትሪክ በአንድ ገመድ የሚያስኬድ ግሩም ሥራ ነበር። ነገር ግን ከአፕል ውጭ የተቀበለው ስላልነበር በ2004 ቀረ። ዛሬ ዩኤስቢ-ሲ የሚደነቅበት ሐሳብ ያኔውኑ ተሠርቶ ነበር ማለት ነው። እነዚህ ማገናኛዎች የጠፉት አንዳንዱ ስለተወደደ፣ አንዳንዱ አቅም ስላነሰው፣ አንዳንዱ ብቻውን ስለቀረ ነው። በእነሱ የከበረ ኬብል ሻጭ የለም።

የተረፈው ዲቪአይ ነው። በኤፕሪል 1999 ያወጡት ኢንቴል፣ ሲሊከን ኢሜጅ፣ ኮምፓክ፣ ፉጂትሱ፣ ኤችፒ፣ አይቢኤምና ኤንኢሲ በኅብረት ነበር። አንዱ ዓይነቱ አናሎግንም ዲጂታልንም ስለሚሸከም፣ የድሮ ስክሪን ያለውም አዲስ የገዛውም ሰው አብሮ ይጠቀምበታል። ያሸነፈውም በዚህ ነው። ጣሪያው በነጠላው ዓይነት 1920 በ1200፣ መስመሩ እጥፍ በሆነው በድርቡ 2560 በ1600 ነበር፤ ሁለቱም በ60 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ እየታደሱ።

እዚህ ላይ ግን የእኔ ቅሬታ ይጀምራል። ዲጂታል ብቻ የሆነ ዲቪአይ-ዲ አለ፣ ሁለቱንም የሚሸከም ዲቪአይ-አይ አለ፣ አናሎግ ብቻ የሆነ ዲቪአይ-ኤ አለ። ከዚያ ላይ ነጠላና ድርብ አለ። ሁሉም ነጭ ፕላስቲክ ያለው፣ በሁለት ቡለን የሚታሰር ዲቪአይ ነው። ፒኖቹን ያልቆጠረ ሰው ትልቁን ሞኒተሩን በነጠላ ኬብል ይሰካና የስክሪኑ ሙሉ ሪዞሉሽን ለምን እንደማይመጣ ሲገረም ይውላል። አንድ ስም ለአምስት ዓይነት ዕቃ የተሰጠው ያኔ ነው። በሽታው እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

ቪጂኤን አልንቅም። ከሃያ ዓመት በላይ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ አገልግሏል። በዲሴምበር 2010 ኢንቴል፣ ኤኤምዲ፣ ዴል፣ ሌኖቮ፣ ሳምሰንግና ኤልጂ እስከ 2015 ድረስ ቪጂኤን ትተን ወደ ዲስፕሌይፖርትና ኤችዲኤምአይ እንሄዳለን ብለው አብረው አስታወቁ። ዘመኑ ስላለፈ ነው እንጂ ማንም አልተነኮለበትም።

«ኤችዲኤምአይ አሸንፏል፤ ዲስፕሌይፖርት ይቅር»

የጽሑፉ ዋና ነጥብ ይህ ነው። ትልቁ ስህተትም እዚሁ ነው።

ኤችዲኤምአይ በዲሴምበር 2002 ሲወጣ ያወጡት ሶኒ፣ ፓናሶኒክ፣ ፊሊፕስ፣ ቶሺባ፣ ሂታቺ፣ ቶምሰንና ሲሊከን ኢሜጅ ነበሩ። አብዛኞቹ የቴሌቪዥን ሰዎች ናቸው። የወሰዱት የዲቪአይን ሲግናል ነው። ድምፅ ጨመሩበት፣ ሶኬቱን አሳነሱት። በአንድ ሪሞት ሁለት ዕቃ ማዘዝ፣ ድምፁን ከቴሌቪዥኑ ወደ ስፒከሩ መመለስ የመሳሰለው ቀስ በቀስ ተካተተበት። ለሳሎን የተሠራ ነው፤ ለሳሎን ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው። ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥን ጋር ለማገናኘት የሚፈልግ ሰው ኤችዲኤምአይ ይጠቀም። ቴሌቪዥን ላይ ዲስፕሌይፖርት ማግኘት ብርቅ ነው።

ዲስፕሌይፖርትን በሜይ 2006 ያወጣው ቬሳ ነው። መነሻው ኮምፒውተር ነው። አሠራሩም ይለያል። የያኔው ኤችዲኤምአይ በሦስት የቀለም መስመር ፒክሰሉን በተራ ይልካል፤ አራተኛው መስመር ሰዓት ይቆጥርለታል። ዲስፕሌይፖርት ግን እንደ ኔትወርክ መረጃውን በትንንሽ ፓኬት ከፋፍሎ በአራት መስመር ይልካል። ሰዓቱ ለብቻው መስመር አይዝም፤ በመረጃው ውስጥ ተዋህዶ ይሄዳል።

ተራ ተጠቃሚ ይህን ማወቅ ምን ያደርግለታል? ብዙ ያደርግለታል። ፓኬት ስለሆነ የሁለት ወይም የሦስት ሞኒተር ምስል በአንድ ሶኬት ሊወጣ ይችላል። ከጃንዋሪ 2010 ጀምሮ፣ ማለትም ከዲስፕሌይፖርት 1.2 ወዲህ፣ አንዱን ሞኒተር ከሌላው እያያያዙ መቀጠል ተችሏል። ብዙ ስክሪን ፊቱ ደርድሮ ለሚሠራ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጸሐፊው ዲስፕሌይፖርት ይቅር ሲሉ የሚያስቡት ከሞኒተር ጀርባ ያለውን፣ አንድ ማዕዘኑ የተቆረጠውን ሶኬት ብቻ ይመስለኛል። ዲስፕሌይፖርት ግን በብዙ ዘመናዊ ላፕቶፖች ውስጥም አለ። የላፕቶፑን ቦርድ ከራሱ ስክሪን ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ገመድ በአመዛኙ ኢዲፒ ነው፤ በ2008 የወጣው የዲስፕሌይፖርት የውስጥ ዓይነት ማለት ነው። ዲስፕሌይፖርት አንድም ቀን ተጠቅሜ አላውቅም የሚል የላፕቶፕ ባለቤት ቀኑን ሙሉ ሲያየው ይውላል።

ከዚህም የሚብስ አለ። ጸሐፊው ወረድ ብለው «የወደፊቱ ዩኤስቢ-ሲ ነው» ይላሉ። በዩኤስቢ-ሲ ሶኬት ውስጥ የሚያልፈው ምስል ግን ራሱ ዲስፕሌይፖርት ነው። ዩኤስቢ-ሲ በ2014 እንደወጣ ቬሳ ዲስፕሌይፖርትን በዚያ ሶኬት የማሳለፊያ ዘዴ በዚያው ዓመት አስታወቀ። ተንደርቦልት የሚባለው ፈጣን ማገናኛም በ2011 የጀመረው በሚኒ ዲስፕሌይፖርት ሶኬት ሲሆን፣ በውስጡ የሚያሳልፈው ምስል ዲስፕሌይፖርት ነው። የኤችዲኤምአይ ሰዎችም በ2016 የራሳቸውን ዘዴ ለዩኤስቢ-ሲ አስታውቀው ነበር፤ ገበያ ላይ ሳይታይ ቀረ። በአንድ ጫፉ ዩኤስቢ-ሲ፣ በሌላው ጫፉ ኤችዲኤምአይ የሆነው የምናውቀው ኬብል ውስጡ ትንሽ ቺፕ አለው። ቺፑ ከኮምፒውተሩ ዲስፕሌይፖርት ይቀበላል፤ ወደ ኤችዲኤምአይ ለውጦ ያወጣል።

ስለዚህ የጽሑፉ ሁለት ሐሳቦች እርስ በርስ ይጣላሉ። ዲስፕሌይፖርት ይጥፋ ካሉ በዩኤስቢ-ሲ ምስል አይኖርም። ዩኤስቢ-ሲ ይንገሥ ካሉ ያነገሡት ዲስፕሌይፖርትን ነው። አንዱን መምረጥ ግድ ይላል።

ፉክክሩ ራሱ የሰጠንን ጥቅምም ጸሐፊው አላዩትም። 4ኬን በ60 ሄርዝ መጀመሪያ የቻለው ዲስፕሌይፖርት 1.2 ነው፤ በ2010። ኤችዲኤምአይ በጊዜው በ1.4 ላይ ነበር፤ 4ኬን የሚያሳየው በ30 ሄርዝ ነው። በሴፕቴምበር 2013 በ2.0 ደረሰበት። በኖቬምበር 2017 ኤችዲኤምአይ 2.1 በሰከንድ በ48 ጊጋቢት ዘልሎ አለፈ። ዲስፕሌይፖርት በ2019 በ80 ጊጋቢት መለሰ። ኤችዲኤምአይ በ2025 በ2.2 ወደ 96 ወጣ። የስክሪኑን የመታደስ ፍጥነት ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚያስማማው ዘዴም በ2014 በዲስፕሌይፖርት ስታንዳርድ ውስጥ ገባ፤ ወደ ኤችዲኤምአይ የመጣው በ2.1 ነው። የሚገርመው፣ ኤችዲኤምአይ 2.1 ከፍተኛውን ፍጥነት ያገኘው የሰዓቱን መስመር ትቶ በአራት መስመር ፓኬት በመላክ ነው። ወደ ተፎካካሪው መንገድ መጣ ማለት ነው። አንዱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚቸኩልበት ምክንያት አልነበረውም።

ስለ ገንዘቡም ትንሽ። ኤችዲኤምአይ ያለው ዕቃ የሚሠራ ድርጅት ፈቃድ ይከፍላል። የታወቀው ተመን በዓመት 10,000 ዶላር፣ ከዚያ በየዕቃው 15 ሳንቲም ነው። አርማውን በትክክል ካሳየ ወደ 5 ሳንቲም ይወርዳል፤ የቅጂ መከላከያውን ካካተተ ወደ 4 ሳንቲም። ቬሳ ግን በየዕቃው የሚከፈል ክፍያ አይጠይቅም፤ በእርግጥ ከቬሳ ውጭ የፓተንት ባለቤቶች ተሰባስበው ክፍያ የጠየቁበት ሁኔታ አለ። አንዱ ሲቀር ሌላው ያሻውን ተመን ያወጣል። ይህን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ለእኔ ግን ከሳንቲሙ በላይ የሚያሳስበኝ ማን እንዲጠቀምበት ይፈቀድለታል የሚለው ጉዳይ ነው። የግራፊክስ ካርድ አምራቹ የኤኤምዲ መሐንዲሶች የኤችዲኤምአይ 2.1ን ፍጥነት ሊኑክስ ለሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሠሩት፣ ኮዱ ለሁሉም በተከፈተው ድራይቨራቸው (ካርዱን በሚያዘው ፕሮግራም) ውስጥ ሊያስገቡ ሠርተው ነበር። ስታንዳርዱን የሚያወጣው ኤችዲኤምአይ ፎረም አልፈቀደም። ይህ በ2024 መጀመሪያ ላይ ይፋ ሆነ። ካርዱ ይችላል፣ ቴሌቪዥኑ ይችላል፣ ኬብሉ ይችላል፣ ኮዱም ተጽፏል። የቀረው ፈቃድ ብቻ ነበር። እሱ ስለተከለከለ የሊኑክስ ተጠቃሚው የከፈለበትን 4ኬ በ120 ሄርዝ ሙሉ ቀለም አያገኝም። ያው ካርድ በዲስፕሌይፖርቱ በኩል ያለ ችግር ይሰጠዋል። ጸሐፊው ይቅር ያሉት መውጫ በር ለዚህ ሰው የቀረው ብቸኛ በር ነው። ስፔሲፊኬሽኑ (ቴክኒካዊ ዝርዝሩ) በተዘጋ በር ውስጥ የሚያድር ስታንዳርድ ብቻውን እንዲነግሥ መመኘት አደገኛ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

«አዳፕተር አለ»

አለ። ግን አቅጣጫ አለው፤ ጽሑፉ ይህን አይናገርም። ከኮምፒውተሩ ዲስፕሌይፖርት ወጥቶ ወደ ኤችዲኤምአይ ሞኒተር መሄድ ቀላል ነው። ብዙ ዲስፕሌይፖርት ሶኬቶች ሲጠየቁ ራሳቸው የኤችዲኤምአይ ሲግናል ማውጣት ይችላሉ፤ አዳፕተሩ ርካሽ ነው። በተቃራኒው፣ ከኮምፒውተሩ ኤችዲኤምአይ ወጥቶ ወደ ዲስፕሌይፖርት ሞኒተር ለመግባት ግን ሲግናሉን የሚለውጥ፣ ብዙ ጊዜም የራሱ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ኮንቨርተር ያስፈልጋል። ሁለቱም ጫፍ ስለገጠመ ብቻ በግልባጩ የሰካ ሰው ጥቁር ስክሪን ያያል፣ ከዚያ ሞኒተሩ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። ከመግዛት በፊት «ከየት ወደ የት?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

«ውዱን፣ ወርቅ የተቀባውን ኬብል ግዙ»

ይህ ምክር ሰው ኪስ ውስጥ ስለሚገባ ዝም አልለውም። በዲጂታል ኬብል ውስጥ የሚያልፈው ቁጥር ነው። ቁጥሩ በትክክል ከደረሰ ምስሉ ያው ነው። ኬብሉ ከደከመ የሚታየው ነጭ ነጠብጣብ፣ ብልጭታ፣ ለአፍታ ጥቁር እያለ መመለስ ነው። ቀለሙ ፈዘዝ ብሎ፣ ጥቁሩ ግራጫ መስሎ ከታየ በኬብሉ አታሳብቡ። ወርቁ ጫፉን ከዝገት ይጠብቃል፤ ቀለም አያደምቅም።

ቀለሙ ከፈዘዘ መጀመሪያ የሚታየው ሴቲንግ ነው። ቴሌቪዥን በልማድ ጥቁርን ከ16፣ ነጭን በ235 ይቆጥራል። ኮምፒውተር ከ0 እስከ 255 ይቆጥራል። አንዱ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ሲቆጥር ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ወይም ጨለማው ውስጥ ያለው ዝርዝር ይጠፋል። በግራፊክስ ሴቲንጉ «ሙሉ» እና «ውስን» የሚለውን ማስማማት ብቻ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ቀይ ወይም ሰማያዊ ፊደል ጠርዙ የተበላ ከመሰለ ደግሞ መስመሩ ስላልበቃ ኮምፒውተሩ የቀለሙን መረጃ ቀንሶ እየላከ ሊሆን ይችላል። የመታደስ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ወይም ቀለሙን ወደ 4:4:4 (ሳይቀነስ ወደሚላክበት) መልሶ ማየት ነው።

ኬብል ሲገዛ ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛው ርዝመቱ ነው፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር የሚያስተማምነው ርዝመት ያጥራል። ሁለተኛው የምስክር ወረቀቱ ነው። ለኤችዲኤምአይ «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» የሚለው እስከ 18፣ «አልትራ ሃይ ስፒድ» የሚለው እስከ 48 ጊጋቢት ተፈትኗል፤ ማሸጊያው ላይ በስልክ የሚነበብ መለያ ይለጠፍበታል። ለዲስፕሌይፖርት ዲፒ40 እና ዲፒ80 የሚሉ ስሞች አሉ፤ ቁጥሩ ራሱ ፍጥነቱ ነው። ደግሞ ከማይታወቅ አምራች የመጣ የዲስፕሌይፖርት ኬብል ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። ሃያኛው ፒን የኤሌክትሪክ ነው፤ በመደበኛው ኬብል ከጫፍ እስከ ጫፍ መገናኘት የለበትም። አንዳንድ አምራቾች ያገናኙታል። ያኔ ከሞኒተሩ ኤሌክትሪክ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ይመለሳል፤ ኮምፒውተሩ አልነሳም ይላል። ይህ ውድ ኬብል ላይም ሊያጋጥም ይችላል።

«ዩኤስቢ-ሲ ከሆነ የገባ ሁሉ ይሠራል»

ቢሆን ደስ ባለኝ። ዩኤስቢ-ሲ የሶኬት ቅርጽ ነው። ጀሪካኑ አንድ ዓይነት ነው፤ ውስጡ ውሃ ይሁን ጋዝ ከውጭ አይታወቅም። አንዱ ሶኬት ቻርጅ ያደርጋል፣ ፋይል ያሳልፋል፣ ምስል ግን አያወጣም። ሌላው ሁሉንም ይችላል። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድም ምልክት የለባቸውም። ምስል ማሳለፍ በስታንዳርዱ ውስጥ ግዴታ አይደለም፤ አምራቹ ከፈለገ ይጨምረዋል፣ ካልፈለገ ይተወዋል።

ኬብሉም እንዲሁ ነው። ከስልክ ቻርጀር ጋር የሚመጣው ብዙውን ጊዜ የዩኤስቢ 2.0 ኬብል ነው። ለቻርጅ ይበቃል። የምስሉ ፈጣን መስመሮች ግን በውስጡ የሉም። በሁለቱም ጫፍ ጥብቅ ብሎ ይገባል፣ ላፕቶፑም ቻርጅ ይጀምራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው፤ ግማሹ እየሠራ ግማሹ እምቢ ሲል።

ምስል ሲመጣም ነገሩ አላለቀም። በሶኬቱ ውስጥ አራት ፈጣን መስመሮች አሉ። አራቱንም ለምስል መስጠት ይቻላል፤ ያኔ ለፋይል የሚቀረው ዘገምተኛው ዩኤስቢ 2.0 ነው። ወይም ሁለቱን ለምስል፣ ሁለቱን ለፈጣን ዩኤስቢ ማካፈል ይቻላል። ብዙ ርካሽ ሀቦች (አንዱን ሶኬት ወደ ብዙ ሶኬት የሚያከፋፍሉ ዕቃዎች) ሁለተኛውን ይመርጣሉ። በዲስፕሌይፖርት 1.2 ፍጥነት ሁለት መስመር የሚያሳልፈው 8.64 ጊጋቢት ነው። 4ኬ በ60 ሄርዝ ደግሞ ወደ 12 ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሳይናገር ወደ 30 ሄርዝ ይወርዳል። ማውሱ ሲንቀሳቀስ ይንቀጠቀጣል፣ ገጽ ሲወርድ ይቆራረጣል። ባለቤቱ ላፕቶፑ ዘገመ ይላል። ላፕቶፑ ምንም አልሆነም፤ ሀቡ መስመሩን አካፍሎበታል። በዲስፕሌይፖርት 1.4 ፍጥነት የሚሠራ ሀብ ከሆነ ግን ሁለቱ መስመሮች 12.96 ጊጋቢት ይሰጣሉ፤ 60 ሄርዝ ለጥቂት ይገባል። ሁለቱም ሀቦች ማሸጊያቸው ላይ «4ኬ» ነው የሚሉት። ከ«4ኬ» ቀጥሎ «60 ሄርዝ» የሚል ከሌለ ባይገዛ ይሻላል።

ሌላም አለ። በአንድ ዩኤስቢ-ሲ ሁለት ሞኒተር የሚያወጡ ዶኮች (ላፕቶፕ የሚሰካባቸው ትልልቅ ማከፋፈያዎች) ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚያ ቀደም ብዬ ባነሳሁት የዲስፕሌይፖርት ማከፋፈያ ዘዴ ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ ያውቁታል። ማክ ግን በዚህ ዘዴ ሁለቱ ስክሪኖች ላይ አንድ ዓይነት ምስል ያሳያል እንጂ ለየብቻ አያሠራቸውም። ሶኬቱ ገጥሟል፣ ኬብሉ ልክ ነው፣ ዶኩ ጤነኛ ነው፤ የማይቀበለው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። የገባ ሁሉ ይሠራል የሚለውን ቃል ይህ ብቻውን ያፈርሰዋል።

ዩኤስቢ-ሲን እየጠላሁ አይደለም። ምስሉን፣ ፋይሉንና ኤሌክትሪኩን በአንድ ገመድ አድርጎ ላፕቶፕን ከሞኒተር ጋር ማገናኘት ሲሳካ የሚያስደስት ነገር ነው። የምቃወመው ያለ መለያ ምልክት መሸጡን ነው።

«መንግሥታት በሕግ ያስገድዱት»

ጸሐፊው ምሳሌ ያደረጉት የአውሮፓ ኅብረትን ሕግ ነው። ሕጉ ከዲሴምበር 28፣ 2024 ጀምሮ ስልክና ታብሌትን፣ ከኤፕሪል 28፣ 2026 ጀምሮ ደግሞ ላፕቶፕን በዩኤስቢ-ሲ ቻርጅ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ስለ ቻርጅ እንጂ ስለ ምስል አይደለም። አንድ ላፕቶፕ ሕጉን በሙሉ አክብሮ በዩኤስቢ-ሲው አንዲት ፒክሰል እንኳ ላያወጣ ይችላል።

ምስልን በአንድ ሶኬት በሕግ ማሰር ደግሞ የራሱ ጉዳት አለው። ሕጉ በ2003 ወጥቶ ቢሆን ኖሮ የሚመረጠው ዲቪአይ ነበር። በጊዜው ከሁሉ የተሻለው እሱ ነበርና። ከዚያ ሁላችንም ቢበዛ በ2560 በ1600 ላይ ቆመን፣ ለውጥ የሚፈልገው ሁሉ ሕግ እስኪሻሻል ይጠብቅ ነበር። ፉክክሩም አላበቃም። በ2025 የቻይና ኩባንያዎች ጂፒኤምአይ የሚባል እስከ 192 ጊጋቢት የሚያሳልፍ፣ እስከ 480 ዋት ኤሌክትሪክ አብሮ የሚሰጥ አዲስ ማገናኛ አስተዋውቀዋል። ይሳካ አይሳካ ገበያው ይፈርዳል። ገና ሳይሞከር በሕግ መዝጋት ግን ተገቢ አይደለም።

ከአውሮፓው ሕግ መወሰድ ያለበት ሌላ ክፍል አለ፤ ጸሐፊው አልፈውታል። ሕጉ ዕቃው የሚፈልገው የቻርጅ ዋት ማሸጊያው ላይ ባለ መለያ እንዲጻፍ ያዛል። ገዢው ቁጥሩን አይቶ ይገዛል። ለምስልም የሚያስፈልገን ይኸው ነው።

አሁን ያለው ሁኔታ ከዚህ ይርቃል። ኤችዲኤምአይ 2.1 ከወጣ በኋላ የስታንዳርዱ አስተዳዳሪዎች 2.0 ለብቻው እንደማይቆምና በ2.1 ውስጥ እንደተጠቃለለ፣ የ2.1 አዳዲስ ነገሮች ሁሉ ደግሞ በአምራቹ ፈቃድ የሚጨመሩ እንደሆኑ ተናግረዋል። በዚህ አካሄድ የድሮውን 18 ጊጋቢት ብቻ የሚችል ሞኒተር «ኤችዲኤምአይ 2.1» ተብሎ ቢሸጥ ደንብ አልጣሰም። አምራቹ የትኛውን እንደሚችል በዝርዝር መግለጽ ይጠበቅበታል፤ ዝርዝሩ ግን ገዢው በማያየው ገጽ በትንሽ ፊደል ይቀመጣል። ዲስፕሌይፖርትም ከዚህ ነፃ አይደለም። 2.1 የሚል ጽሑፍ ያለበት ሞኒተር የግድ 80 ጊጋቢቱን ይችላል ማለት አይደለም፤ 40 ላይ የሚቆም አለ።

ስለዚህ ጸሐፊው ድምፃቸውን ማሰማታቸው ካልቀረ፣ ለዚህ ያሰሙት። የስሪት ቁጥር ብቻውን ማስታወቂያ ላይ እንዳይወጣ ይጠየቅ። በእያንዳንዱ ሶኬት ጎን የሚችለው ጊጋቢት ይታተም። ዩኤስቢ-ሲ ከሆነ ምስል ያወጣ እንደሆነና እንዳልሆነ በምልክት ይታይ። ሞኒተሩ ካርቶን ላይ ትልቁ ሪዞሉሽን፣ ከነሄርዙ፣ ከነቀለም ቢቱ፣ በየትኛው ሶኬት እንደሚገኝ አብሮ ይጻፍ። ሀብና ዶክ የሚሸጡም ምስሉን በስንት መስመርና በምን ፍጥነት እንደሚያሳልፉ ይናገሩ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው መረጃ በአምራቹ እጅ አለ፤ ማተሙ ብቻ ነው የቀረው።